የመጀመሪያው ግምት በውድድር መድረክ፦ ስለ ፊት፣ ስለ ጅምላ ፍረጃና ስለ ቴሌቪዥን ዳኝነት

የሪያሊቲ ውድድር የሚባለው የቴሌቪዥን ዝግጅት፣ ሙያቸው ትወና ያልሆነ ሰዎች በአንድ ደሴት፣ በአንድ ቤት ወይም በአንድ መድረክ ተሰባስበው፣ በዳኞች፣ በተመልካች ወይም በራሳቸው በተወዳዳሪዎቹ ድምፅ ተራ በተራ እየተሰናበቱ አንድ አሸናፊ እስኪቀር ድረስ የሚዘልቅ ትዕይንት ነው። በስዊድን እ.ኤ.አ. በ1997 ከተጀመረው «ኤክስፔዲሽን ሮቢንሰን»፣ በኔዘርላንድስ በ1999 ከተጀመረው «ቢግ ብራዘር» እና በብሪታንያ በ2001 ከተጀመረው «ፖፕ አይዶል» ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዘውጉ በብዙ አገሮች ተዛምቶ፣ በኢትዮጵያም በ«ኢትዮጵያን አይዶል»፣ በ«ባላገሩ አይዶል» እና በ«ፋና ላምሮት» የራሱን ተመልካች አፍርቷል። ደሴቱም ሆነ መድረኩ የሚጋሩት አንድ ጠባይ አለ፤ ይኸውም ሰው በቅጡ ባላወቀው ሰው ላይ እንዲፈርድ፣ ያውም ቶሎ እንዲፈርድ ማስገደዱ ነው። ስለዚህ ጉዳይ የተጻፉት ጥናቶች ከሁለት ወገን የመጡ ናቸው፤ አንደኛው ወገን የሥነ ልቦና ቤተ ሙከራ ሲሆን፣ ሁለተኛው የውድድሮቹን ውጤት እንደ ተዘጋጀ ሙከራ ቆጥረው የመረመሩት የኢኮኖሚ ምሁራን ናቸው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲነበቡ የሚደርሱበት ነጥብ፣ ውድድሮቹ የሰውን ቀዳሚ ግምት እንዲሁ የሚያሳዩ ሳይሆኑ ራሳቸው የሚያመርቱት መሆናቸው ነው፤ ፍረጃን የሰበረ የሚመስለው ታላቁ «ድንገተኛ» ቅጽበት ሳይቀር የሚቆመው በዚያው ፍረጃ ላይ ነው።

የመጀመሪያ ግምት ማለት አንድ ሰው ሌላውን ባየበት የመጀመሪያ ቅጽበት ስለ ጠባዩ፣ ስለ ችሎታውና ስለ ታማኝነቱ በአእምሮው የሚያሳድረው ፍርድ ነው። የፍርዱን ፍጥነት ጃኒን ዊሊስና አሌክሳንደር ቶዶሮቭ በ2006 ባሳተሙት ጥናት ለክተውታል፤ የማያውቁትን ሰው ፊት ለ100 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም ለአንድ ሰከንድ አሥረኛ ብቻ ያዩ ሰዎች የሰጡት ፍርድ፣ ጊዜ ሳይገደብባቸው ካዩት ሰዎች ፍርድ ጋር በእጅጉ ተመሳስሎ ሲገኝ፣ ተጨማሪ ጊዜ ያገኙት ደግሞ በአብዛኛው የጨመሩት በፍርዳቸው ላይ ያላቸውን መተማመን ነበር። ከዚያ አስቀድሞ በ1946 ሰለሞን አሽ ስለ አንድ ያልታወቀ ሰው «ብልህ፣ ትጉ፣ ችኩል፣ ነቃፊ፣ ግትር፣ ቅናተኛ» የሚሉ ቃላትን ለአንዳንዶቹ በዚህ ቅደም ተከተል፣ ለሌሎቹ ደግሞ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ገልብጦ ቢያነብላቸው፣ ቃላቱ አንድ ሆነው ሳለ ብልህነቱን አስቀድመው የሰሙት ስለ ሰውየው የተሻለ ነገር አሰቡ። ይህ የቀዳሚነት ተጽዕኖ ይባላል፤ መጀመሪያ የደረሰው መረጃ በኋላ ለሚመጣው ሁሉ መተርጎሚያ ሆኖ ስለሚያገለግል፣ «ግትር» የሚለው ቃል ከ«ብልህ» ቀጥሎ ሲመጣ ጽናት፣ ከ«ቅናተኛ» ቀጥሎ ሲመጣ ክፋት ይመስላል ማለት ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄደው ሌላው ጽንሰ ሐሳብ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ በ1920 ስም ያወጣለት የአክሊለ ብርሃን ውጤት ነው። ቶርንዳይክ የጦር መኮንኖች ለበታቾቻቸው የሰጡትን ነጥብ ሲመረምር፣ ቁመናው ያማረ ተብሎ የተመዘገበው ወታደር በብልህነቱም፣ በአመራሩም፣ በጠባዩም ከፍ ያለ ነጥብ እንደሚሰጠው አስተዋለ፤ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል የቅዱሱን ራስ የሚከበው ብርሃን መላ አካሉን እንደሚያደምቅ፣ አንድ መልካም ባሕርይም ሌሎቹን ሁሉ ያደምቃቸዋል። «መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ» የሚለው የአማርኛ ተረት ይህንኑ ከግርጌው ጀምሮ ያየው ይመስላል፤ መልክ የጎደለው ሰው ሌላ መደገፊያ እንደሚያሻው የሚያውቀው፣ መልክ ራሱ መደገፊያ መሆኑን ስላስተዋለ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚምታታ አንድ ነገር መለየት ይኖርበታል። ናሊኒ አምባዲና ሮበርት ሮዘንታል በ1993 ባሳተሙት ጥናት፣ መምህራን ሲያስተምሩ የሚያሳይ ድምፅ አልባ የ30 ሰከንድ ምስል ብቻ የተመለከቱ የማያውቋቸው ሰዎች የሰጡት ነጥብ፣ የመምህራኑ ተማሪዎች በትምህርቱ መጨረሻ ከሰጡት ነጥብ ጋር ተቀራርቦ ተገኝቷል። ይህ ውጤት የመጀመሪያ ግምት ትክክል ለመሆኑ ማስረጃ ተደርጎ ዘወትር ይጠቀሳል። ነገር ግን ተማሪዎቹም ቢሆኑ በመጀመሪያው ቀን ባሳደሩት ግምት ተመርተው ሊሆን ስለሚችል፣ የሁለት ወገኖች መስማማት ብቻውን የፍርዱን እውነትነት አያረጋግጥም። ቶዶሮቭና ባልደረቦቹ በ2005 ባወጡት ጥናት የማያውቋቸውን እጩዎች ፎቶ ብቻ ያዩ ሰዎች «ይበልጥ ብቁ ይመስላል» ያሉት እጩ ከአሜሪካ ሴኔት ምርጫዎች 70 በመቶ ገደማ በሚሆኑት ያሸነፈው ሆኖ መገኘቱ፣ ስለ መራጮች እንጂ ስለ ሴናተሮቹ ብቃት የሚነግረን የለም። በድምፅ ብልጫ በሚወሰን ውድድር ግን ልዩነቱ ዋጋ ያጣል፤ ብዙኃኑ የተስማሙበት ግምት ስሕተት ቢሆንም ሰውየውን ከማሰናበት አይመለስምና።

ከመጀመሪያ ግምት ቀጥሎ የሚመጣው ዋና ጽንሰ ሐሳብ፣ የጅምላ ፍረጃ፣ ከግለሰቡ በፊት ለቡድኑ የሚሰጥ ፍርድ ነው። «ስቴሪዮታይፕ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃሉን ወደ ማኅበራዊ ጥናት ያስገባው አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ዋልተር ሊፕማን በ1922 ሲሆን፣ የወሰደውም ከማተሚያ ቤት ነበር፤ አንድ ጊዜ ተቀርጾ ያንኑ ገጽ ደጋግሞ የሚያትመው የብረት ሰሌዳ ስም ነው። ሱዛን ፊስክና ባልደረቦቿ በ2002 ይህን ሐሳብ በሁለት መለኪያ አስቀመጡት፤ ሰው ሌላውን ቡድን የሚመዝነው «ለእኔ በጎ ያስባልን?» እና «ያሰበውንስ መፈጸም ይችላልን?» በሚሉ ጥያቄዎች ነው፤ አንደኛው የቅርበት፣ ሁለተኛው የብቃት መለኪያ ይባላል። በዚህ አከፋፈል በአሜሪካ አረጋውያን ደግ ግን ደካማ፣ ሀብታሞች ደግሞ ብቁ ግን ቀዝቃዛ ተብለው ይፈረጃሉ። «ሰርቫይቨር» የተባለው የደሴት ውድድር በአሜሪካ በ2000 በጀመረበት ወቅት ከ16ቱ ተወዳዳሪዎች በመጀመሪያ የተሰናበተችው የ63 ዓመት ሴት ነበረች፤ የ72 ዓመቱ ጡረተኛ የባሕር ኃይል ኮማንዶ ግን ሦስተኛ ሆኖ ጨርሷል። ዕድሜ ብቻውን ፍረጃን እንደማይሠራና የቀድሞ ሙያም የብቃቱን መለኪያ ከፍ እንደሚያደርግ መገመት ይቻላል፤ ሆኖም ከሁለት ሰዎች ታሪክ ሕግ ማውጣት አይቻልም፤ ለዚያ ብዙ ቁጥር ያስፈልጋል።

ቁጥሩን ያመጡት የኢኮኖሚ ምሁራን ናቸው። ስቲቨን ሌቪት በ2004 «ዊኬስት ሊንክ» የተባለውን የጥያቄና መልስ ውድድር የመረጠው ለአሠራሩ ሲል ነበር። ተወዳዳሪዎቹ በጋራ ገንዘብ እያጠራቀሙ በየዙሩ መጨረሻ አንድ ሰው በድምፅ ያሰናብታሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ደካማውን ማስወጣት ገንዘቡን ስለሚያሳድግ ይጠቅማል፤ በመጨረሻዎቹ ዙሮች ግን ሽልማቱን የሚወስደው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ ብርቱውን ማስወጣት ይጠቅማል። ይህ አሠራር ሁለት ዓይነት አድልዎን ለመለየት ያስችላል፤ አንድ ቡድን አነስተኛ ችሎታ አለው ተብሎ ስለታመነ ከሆነ የሚገፋው፣ አባላቱ መጀመሪያ ላይ ይባረራሉ፣ መጨረሻ ላይ ግን ይፈለጋሉ፤ የሚገፋው እንዲያው ስለማይወደድ ከሆነ ግን በመጀመሪያም በመጨረሻም ይባረራል። ሌቪት በሴቶችና በጥቁር አሜሪካውያን ላይ ያን ያህል አድልዎ አላገኘም፤ የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው ተወዳዳሪዎች ላይ የታየው አዝማሚያ ግን ከአንደኛው ዓይነት፣ አረጋውያን ላይ የታየው ከሁለተኛው ዓይነት ጋር የሚስማማ ነበር። ውጤቱ ሲነበብ ካሜራ ፊት የቆመ ሰው በአድሏዊነት ላለመታማት እንደሚጠነቀቅ መዘንጋት አይገባም፤ ማንም የማያወግዘው አድልዎ ግን፣ እንደ ዕድሜው ያለው፣ በካሜራም ፊት ራሱን አልደበቀም።

ሚሼል ቤሎና ሁለት ባልደረቦቿ በ2012 የኔዘርላንድስን አንድ የቴሌቪዥን ውድድር መርምረው ያገኙት ከዚህም የጠራ ነው። መልከ መልካም የተባሉት ተወዳዳሪዎች በጥያቄ መመለስም ሆነ በመተባበር ከሌሎቹ አልበለጡም፤ ይሁን እንጂ አብረዋቸው የሚወዳደሩት ሰዎች የሚያሰናብቷቸው ከሌሎቹ ባነሰ መጠን ነበር፤ ይህም ውሳኔ ለራሳቸው ለወሳኞቹ ገንዘብ የሚያሳጣ ሆኖ ሳለ ነው። የቶርንዳይክ አክሊለ ብርሃን ዋጋ በገንዘብ የተተመነበት ቦታ ቢኖር ይህ ነው። በሌላ በኩል እነዚሁ ተመራማሪዎች ሁለት ተወዳዳሪዎች ሽልማቱን ለመካፈል ወይም ብቻ ለመውሰድ በስውር የሚወስኑበትን ትዕይንት ለሌሎች ሰዎች አሳይተው፣ ማን እንደሚተባበር እንዲገምቱ ሲጠይቁ፣ ገማቾቹ ለተባባሪዎቹ የሰጡት ግምት ለከጂዎቹ ከሰጡት በ7 መቶኛ ነጥብ ብቻ በልጦ ተገኝቷል። ዓይን ምንም አያይም ማለት አይደለም፤ የሚያየው ግን ባለቤቱ ከሚተማመንበት እጅግ ያነሰ ነው።

የተራ ጉዳይ አጭር ቢሆንም ሊታለፍ አይገባም። በብራስልስ በሚካሄደው የንግሥት ኤልሳቤጥ የሙዚቃ ውድድር ተወዳዳሪዎች የሚቀርቡበት ተራ በዕጣ የሚወሰን ሆኖ ሳለ፣ በመጀመሪያ ቀን የሚቀርቡት ከኋለኞቹ ያነሰ ደረጃ እንደሚያገኙ በ1996 የታተመ ጥናት አሳይቷል፤ በተለያዩ አገሮች «አይዶል» ውድድሮች ላይ በ2010 የወጣው ጥናትም መጨረሻ ላይ የሚዘፍን ሰው እንደሚጠቀም አረጋግጧል። የአሽ ቀዳሚነት ስለ አንድ ሰው የሚሰማን መረጃ ይመለከታል፤ በብዙ ሰዎች መካከል ግን ኋለኛው ይታወሳል፤ ሁለቱ የሚቃረኑ ቢመስሉም አይቃረኑም።

እስካሁን የተነገረው ተወዳዳሪና ዳኛ በራሳቸው የሚያመጡትን ግምት የሚመለከት ነው። አዘጋጁ የሚጨምረው ግን ከዚህ ይከብዳል። የምልመላው ሥራ ራሱ፣ እብሪተኛውን፣ የዋኋን፣ ከገጠር የመጣውን፣ ቁጡዋን እያለ፣ አስቀድሞ የተዘጋጀ ሚና ለሚሞላ ሰው ፍለጋ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለቀናት የተቀረጸው ምስል ወደ አንድ ሰዓት ገደማ ሲቆረጥ፣ ከሚናው የማይገጥመው ይቀራል። ተወዳዳሪው ከመዝፈኑ በፊት የሚታየውን አጭር የሕይወት ታሪክ ፊልም ለምሳሌ እንውሰድ። ጆን ዳርሊና ፓጌት ግሮስ በ1983 የአንዲትን ልጅ ምስል ለሁለት ቡድን ሲያሳዩ፣ ለአንዱ ልጅቷ በሀብታም ሰፈር፣ ለሌላው በድኻ ሰፈር እንደምትኖር አስመሰሉ። ይህን ብቻ ያዩት ሰዎች ስለ ችሎታዋ ለመፍረድ አመነቱ፤ ቀጥሎ ግን ፈተና ስትፈተን የሚያሳይ፣ ለሁለቱም ወገን አንድ የሆነ ምስል ሲጨመርላቸው፣ በሀብታም ሰፈር ያዩዋት ከክፍሏ በላይ፣ በድኻ ሰፈር ያዩዋት ከክፍሏ በታች ናት አሉ። ፍረጃው ብቻውን ሲቀርብ ሰዎቹ ተጠነቀቁ፤ ማስረጃ የሚመስል ነገር ሲጨመርበት ግን ፍረጃቸውን በማስረጃው አስደገፉት። በቴሌቪዥን የሚታየው የእናት ድህነት፣ የአባት ሞት፣ የቆሸሸ ጓሮ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው፤ ዳኛው ቀጥሎ የሚሰማውን ዜማ የሚሰማው በዚያ ጓሮ በኩል ነው።

ዳኛውም ራሱ ከግምት አያመልጥም፤ ግምቱ ግን እሱን የሚጠቅም ነው። ሊ ሮስ፣ ቴሬሳ አማቢሌና ጁሊያ ስታይንሜትዝ በ1977 ተማሪዎችን በዕጣ ጠያቂና ተጠያቂ አድርገው ሲያፎካክሩ፣ ጠያቂዎቹ ጥያቄውን የሚያወጡት ከራሳቸው ዕውቀት ስለሆነ ተጠያቂዎቹ መሳሳታቸው የማይቀር ነበር፤ ሆኖም ተመልካቾችም ተጠያቂዎቹም ጠያቂዎቹን ይበልጥ ዐዋቂ አድርገው ቆጠሯቸው። ሮስ በዚያው ዓመት መሠረታዊው የምክንያት ስሕተት ብሎ የሰየመው ይህ ዝንባሌ፣ ሰው ከቦታው የመጣውን ከጠባዩ የመጣ አድርጎ መቁጠሩ ነው። በክብር ወንበር የተቀመጠው ዳኛ ጠቢብ፣ ብርሃን እያንጸባረቀበት የሚንቀጠቀጠው ወጣት ፈሪ ይመስላል፤ ወንበራቸውን ቢለዋወጡ ምን ይመስሉ እንደነበር ግን ትዕይንቱ አያሳይም።

ከዚህ ሁሉ የላቀው ሸቀጥ ግን ድንገተኛው ቅጽበት ነው። በሚያዝያ 2009 የብሪታንያው «ብሪተንስ ጎት ታለንት» ላይ የቀረበችው የ47 ዓመቷ ስኮትላንዳዊት ሱዛን ቦይል፣ በአለባበሷና በአነጋገሯ አዳራሹን አሳስቃ፣ ስትዘፍን ግን አዳራሹ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበላት፤ በፍጻሜው «ዳይቨርሲቲ» ከተባለው የዳንስ ቡድን ቀጥላ ሁለተኛ ብትወጣም ዝናዋ ከአሸናፊዎቹ በልጧል። ቅጽበቱ ፍረጃን አሳፈረ ተብሎ ተጻፈ። ሆኖም ሊ ጀሲምና ባልደረቦቹ በ1987 እንዳሳዩት፣ ከፍረጃው ጋር ለማይጣጣም ሰው የሚሰጠው ግምገማ ወደ አንዱ ጫፍ የተጋነነ ይሆናል፤ የጭብጨባው ኃይል የሚለካው ከሳቁ ኃይል ነው። ያልተዋበች ሴት መልካም ድምፅ ሊኖራት እንደሚችል አዳራሹ አስቀድሞ ቢያምን ኖሮ፣ የሚያስገርም ነገር ባልኖረ። ካሜራውም ዜማው ሳይጀምር የሚያፌዙትን ተመልካቾች እየመረጠ ማሳየቱ፣ የቤት ተመልካች አስቀድሞ እንዲስቅና ኋላ እንዲጸጸት የተዘጋጀ ነው።

የመጀመሪያ ግምት በእርግጥ ሊገለበጥ ይችላል። ቶማስ ማንና ሜሊሳ ፈርገሰን በ2015 የጎረቤቶቹን ቤት ሰብሮ ስለ ገባ፣ የከበሩ ነገሮችንም ስላወጣ አንድ ሰው ለተሳታፊዎች አስነብበው፣ ኋላ ቤቶቹ በእሳት ይቃጠሉ እንደነበርና የወጡትም ሕፃናት መሆናቸውን ሲገልጡ፣ በደመ ነፍስ የሚሰጠው ግምት ሳይቀር ተለወጠ። ነገር ግን የተለወጠው ስለዚያ ሰው ያለው ግምት ነው፤ የቡድኑ ፍረጃ ሌላ ነው። ረኔ ዌበርና ጄኒፈር ክሮከር በ1983 እንዳስተዋሉት፣ ከፍረጃው የሚያፈነግጡት ጥቂቶች እጅግ የተለዩ ሲሆኑ ሰው ለብቻቸው አጥር ሠርቶ «እነሱ ልዩ ናቸው» ብሎ ያስቀምጣቸዋልና፣ ፍረጃው ሳይነካ ይቀራል።

የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ ልጆች በእስራኤል ቴሌቪዥን ያገኙት ድል ይህን ጥያቄ በግልጽ ያነሣል። ሃጊት ያሶ በ2011 «ኮኻቭ ኖላድ» የተባለውን የዘፈን ውድድር፣ በኢትዮጵያ የተወለደችው ታሁኒያ ሩቤል በ2013 የእስራኤልን «ቢግ ብራዘር»፣ ኤደን አለነ በ2018 የእስራኤልን «ኤክስ ፋክተር» አሸንፈዋል፤ አለነ በ2021ም አገሪቱን ወክላ በዩሮቪዥን ፍጻሜ ላይ ዘፍናለች። እነዚህ ድሎች በሕዝብ ፊት የተገኙ እውነተኛ ድሎች ናቸው። በሁለቱ የመጀመሪያ ድሎችና በአለነ ድል መካከል ግን፣ በ2015፣ የማኅበረሰቡ ወጣቶች የፖሊስን አድልዎ በመቃወም አደባባይ ወጥተዋል፤ በ2019ም እንደገና ወጥተዋል። ለዘፋኟ የተሰጠው ድምፅ መንገድ ላይ ለሚቆመው ወንድሟ አልተሻገረም።

በአሜሪካ ደግሞ አዘጋጆች ፍረጃን ራሱን የጨዋታው ሕግ ያደረጉበት ጊዜ ነበር፤ በ2006 «ሰርቫይቨር፦ ኩክ አይላንድስ» 20 ተወዳዳሪዎቹን ነጭ፣ ጥቁር፣ እስያዊና ላቲኖ ብሎ በአራት ጎሣ ከፍሏቸው፣ ከሁለት ክፍል በኋላ ግን ቡድኖቹን አቀላቀለ፤ ያሸነፈውም በቴሌቪዥን የሚታየውን የእስያዊ ወንድ ምስል ለመለወጥ እንደገባ የተናገረው ዩል ክዎን ነበር። የተሻለው መልስ የመጣው ከአዘጋጆቹ ሳይሆን ከተወዳዳሪዎቹ ነው። በ2021 በ«ቢግ ብራዘር» 23ኛ ወቅት የገቡ ስድስት ጥቁር ተወዳዳሪዎች «ኩክአውት» የተባለ ስውር ኅብረት መሥርተው፣ ስድስቱም እስከ መጨረሻው ስድስት ድረስ ዘልቀው፣ ዛቪየር ፕራተር በመደበኛው ውድድር የመጀመሪያው ጥቁር አሸናፊ ሆኗል። ከዚያ በፊት ባሉት 22 ወቅቶች አንድም አልነበረም። ጣቢያው ሲቢኤስ በኅዳር 2020 በመሰል ዝግጅቶቹ ከተሳታፊዎቹ ቢያንስ ግማሹ ነጭ ካልሆኑ ወገኖች እንዲሆኑ ቃል የገባው ከዚህ ወቅት በፊት ነበር፤ ብቻውን የቆመ ተወዳዳሪ የቡድኑ ናሙና ተደርጎ ሲታይ፣ ስድስት ሲሆኑ ግን ስድስት የተለያዩ ሰዎች ሆነው ይታያሉ።

ከመፍትሔዎቹ ሁሉ ዝነኛው ዳኛን ጀርባውን ሰጥቶ ማስቀመጥ ነው። በ2010 በኔዘርላንድስ የጀመረው «ዘ ቮይስ» የሚመስለው ኦርኬስትራዎች ሙዚቀኛ ሲፈትኑ ተፈታኙን ከዳኞች የሚሰውሩበትን መጋረጃ ነው፤ ክላውዲያ ጎልዲንና ሴሲሊያ ራውዝ በ2000 መጋረጃው ሴት ሙዚቀኞችን እንደ ጠቀመ ጽፈዋል፤ ኋላ የተነሡ ተቺዎች ግን ቁጥሮቹ የሚባለውን ያህል ጠንካራ አይደሉም ይላሉ። የመጋረጃውን አስፈላጊነት ይበልጥ የሚያስረዳው የቺያ ጁንግ ጸይ የ2013 ጥናት ነው፤ ከክላሲካል ውድድር ሦስት የመጨረሻ ተፎካካሪዎች መካከል አሸናፊውን እንዲለዩ የተጠየቁ ሰዎች፣ ሙያተኞቹ ሙዚቀኞች ጭምር፣ ድምፁን ብቻ ሲሰሙ በዕጣ ከመገመት አልተሻሉም፤ ድምፅ አልባውን ምስል ብቻ ሲያዩ ግን አሸናፊውን በተሻለ ለይተዋል። አብዛኞቹ ወሳኙ ድምፁ ነው ብለው ተናግረው ነበር። «ዘ ቮይስ»ም ቢሆን ወንበሩን የሚያዞረው በመጀመሪያው ዙር ብቻ ነው፤ በቀጣዮቹ ዙሮች መልክ ይመለሳል፤ የቤት ተመልካች ደግሞ ከመነሻውም ጀርባውን አልሰጠም።

በኢትዮጵያ የድምፅ ውድድር የሚያዘጋጁ ወገኖች ከእነዚህ ጥናቶች የሚወስዱት ወንበር የሚያዞር ውድ መሣሪያ አይደለም። የአቀራረብ ተራን በየዙሩ በዕጣ መለወጥ፣ ዳኞች ሳይመካከሩ ነጥባቸውን አስቀድመው እንዲጽፉ ማድረግ፣ የተወዳዳሪውን የሕይወት ታሪክ ፊልምም ከዘፈኑ በፊት ሳይሆን ነጥቡ ከተሰጠ በኋላ ማሳየት ይቻላል፤ ለሦስቱም የሚያስፈልገው አንድ ገጽ የውድድር ደንብ ነው።